የሦስቱ መብራቶች አመጣጥ

የፎቶግራፍን ሙያ የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ የሦስት መብራቶች አደራደር ነው። ዋናው መብራት ከካሜራው ወደ ጎን 45 ዲግሪ ያህል ፈቀቅ ብሎ፣ ከፊት ከፍ ብሎ ይቆማል፤ አሟዩ መብራት በሌላው ወገን ሆኖ ጥላውን ያለዝባል፤ የጀርባው መብራት ደግሞ ከበስተኋላ ጠጉርንና ትከሻን በብርሃን ከፍኖ ሰውየውን ከግድግዳው ይለየዋል። ይህ ትምህርት ብዙ ጊዜ እንደ ሕግ ሆኖ ይሰጣል። ታሪኩን ለተከታተለ ግን ሕግ ሳይሆን፣ የመሣሪያና የፊልም ድክመት በየጊዜው ያስገኛቸው መፍትሔዎች ክምችት ሆኖ ይታያል።

የዳጌር የፈጠራ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1839 በፓሪስ በይፋ በተገለጸ ጊዜ ሰሌዳው ብርሃን የሚቀበለው እጅግ በዝግታ ስለነበር፣ የሚነሳው ሰው በብሩህ ቀን እንኳ ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። ራሱን ከኋላ የሚደግፍ ብረት የተሠራለትም ስለዚሁ ነው። በአውሮፓ ስቱዲዮዎች ከቤት አናት ላይ በመስተዋት ጣሪያ የሚሠሩ ሆኑ፤ ቀጥተኛ ፀሐይ እንዳይገባም መስተዋቱ ወደ ሰሜን እንዲዞር ተደረገ። ዋናው መብራት እንግዲህ ሰማይ ነበር። የጠቆረውን ጉንጭ ለማብራት በጎን ነጭ ጨርቅ ወይም ሰሌዳ ይቆም ስለነበር፣ አሟዩ መብራት ከአምፑል በፊት በነጭ ጨርቅ ተወለደ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ሰው ሠራሽ ብርሃን ዘግይቶ መጣ። ናዳር የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1861 በፓሪስ ከመሬት በታች ያሉትን የአፅም ዋሻዎች በባትሪ በሚሠራ የኤሌክትሪክ መብራት ሲያነሳ አንዱ ሥዕል እስከ 18 ደቂቃ ይፈጅ ስለነበር፣ በሠራተኞች ፈንታ አሻንጉሊቶችን አቁሟል። እ.ኤ.አ. በ1887 በጀርመን ማግኒዝየምን ከፖታሲየም ክሎሬት ጋር የቀላቀለው ዱቄት ፈጣን ብርሃን ሰጠ፤ ጭሱና የእሳት አደጋው ግን አብሮት ነበር።

የአደራደሩ ሥርዓት የበሰለው በሲኒማ ነው። የኤዲሰን የመጀመሪያ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1893 በኒው ጀርሲ ሲሠራ ጣሪያው የሚከፈት፣ ቤቱም በሐዲድ ላይ እየዞረ ፀሐይን የሚከተል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1915 ሴሲል ደሚልና የካሜራ ባለሙያው አልቪን ዋይኮፍ የተዋናይን ፊት ከአንድ ወገን ብቻ ማብራት ያዙ። ደሚል ራሱ እንደተረከው፣ ግማሽ ፊት ለሚታይበት ፊልም ግማሽ ዋጋ ነው የምንከፍል የሚል ቅሬታ በመጣበት ጊዜ፣ ይህ የሬምብራንት አበራር ነው ብሎ በመመለስ ነገሩን ወደ መሸጫነት ለወጠው። የጀርባ መብራት ምክንያት ግን ከዚህ ይልቅ የመሐንዲስ ነው፤ በጥቁርና ነጭ ፊልም ቡናማ ጠጉርና አረንጓዴ መጋረጃ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊዋሐዱ ይችላሉና፣ ቀለም የነፈገውን ልዩነት ብርሃን መስጠት ነበረበት። በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ፣ የሚያጉረመርሙት የአርክ መብራቶች ለጸጥተኛው የተንግስተን አምፑል ቦታ ለቀቁ፤ የአምፑሉ ብርሃን ወደ ቀይ የሚያደላ በመሆኑም ቀይን የሚያይ ፊልም አብሮ ተስፋፋ። ጆን አልተን እ.ኤ.አ. በ1949 መጽሐፉን ሲያሳትም ሥርዓቱ በሙያው ዘንድ የታወቀ ነበር።

ስሌቱም ቀላል ነው። ሁለት እኩል አምፑሎች ቢኖሩና ዋናው ከፊት በ1 ሜትር፣ አሟዩ በካሜራው አጠገብ በ1.4 ሜትር ቢቆሙ፣ ብርሃን በርቀት ካሬ ስለሚቀንስ አሟዩ የሚሰጠው ግማሽ ነው። አሟዩ ሁለቱንም ጉንጮች ስለሚያገኝ ብሩሁ ወገን 2 ሲደመር 1፣ ጥላው 1 ብቻ ይደርሰዋል፤ ይህም 3 ለ1 ይባላል።

ለእኛ የሚከብደው ግን መማሪያዎቹ የሚያልፉት ነገር ነው። በአሜሪካ የኮዳክ ኩባንያ የቀለም ኅትመትን ያስተካክልበት የነበረው ሸርሊ ካርድ የተባለው ናሙና ለዐሥርት ዓመታት የነጭ ሴት ሥዕል ነበረ። ፊልሙ ጥቁር ቀለሞችን አጥርቶ አለማሳየቱን ሲያማርሩ ከተሰሙት መካከል የቤት ዕቃና የቸኮላት አምራቾች ይገኙበታል፤ የሰው ፊት ያላገኘውን ጆሮ ሣጥንና ቸኮላት ማግኘታቸው ያስገርማል። የብርሃን መለኪያውም ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚመልስ፣ ከነጭ ግድግዳ ፊት የቆመ ጠይም ሰው በመታወቂያው ላይ ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ የአምፑል ኃይል መጨመር አይደለም። ልኬቱ ከፊቱ አጠገብ በተያዘ ግራጫ ካርድ ላይ ይወሰድ፤ ዋናው መብራትም በነጭ አቡጀዲ ተሸፍኖ ይስፋ፤ ጥቁር ቆዳ ቅርፁን የሚያሳየው ከጥላው ይልቅ በወዙ ላይ በሚያርፈው ሰፊ ነጸብራቅ ነውና።

ጀማሪ የሆነ ባልደረባ ለዚህ ልምምድ ከጀበና የተሻለ ተቀማጭ አያገኝም፤ ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ አይሰለችም። በምሽት ክፍሉን አጨልሞ፣ በአንድ የጠረጴዛ መብራት ብቻ ሆዱ ላይ ያለው ነጸብራቅ በአቡጀዲው እንዴት እንደሚሰፋ ይመልከት። ቀጥሎ በሌላው ወገን ነጭ ወረቀት ያቁም። ሁለተኛውን አምፑል ከኋላ የሚያበራው በመጨረሻ ነው፤ ያን ጊዜ እጀታውና አንገቱ ከጨለማው ግድግዳ ተለይተው ይወጣሉ።