ሃያ ዓመት የፈጀው ጥያቄ፦ ከምርመራ ማግስት የሚደረግ የደም ስኳር ቁጥጥር ታሪክ

ዓይነት 2 የስኳር በሽታ እንዳለበት ዛሬ የተነገረው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያመው ነገር የለም። ስለሆነም የጤና ባለሙያው የደም ስኳሩን ሳይዘገይ መቀነስ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ይቸገራል። የቁጥጥሩን ጥቅም የተጠራጠሩት ግን ሕሙማን ብቻ አልነበሩም፤ ሐኪሞች ራሳቸው ለረጅም ዘመን ሲከራከሩበት ቆይተዋል።

ክርክሩን ካባባሱት መካከል አንዱ በአሜሪካ የበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ሐኪሞች ተባብረው ያካሄዱት ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ይፋ በሆነው በዚህ ጥናት ቶልቡታማይድ የተባለውን የሚዋጥ መድኃኒት የወሰዱ ሕሙማን፣ ፕላሴቦ ከወሰዱት ይልቅ በልብና በደም ሥር ሕመም በብዛት ሞተው ተገኙ። ኢንሱሊንም ቢሆን የደም ስኳርን ከመቀነሱ በቀር ዕድሜን ሲያራዝም አልታየም። ስኳርን መቀነስ ሕመምተኛውን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ጥያቄ በዚህ ምክንያት ያለ መልስ ቀረ።

መልሱን ለመፈለግ የተነሡት በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርዱ ሮበርት ተርነርና የሥራ ባልደረቦቻቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1991 ድረስ በ23 ማዕከላት በሽታው ገና የተገኘባቸውን 5102 ሕሙማን መዘገቡ። ሁሉም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በአመጋገብ ምክር ብቻ ታገዙ። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ በዕጣ ተከፍለው ከፊሎቹ በአመጋገብ ላይ ሲቆዩ፣ ሌሎቹ ሰልፎኒልዩሪያ ወይም ኢንሱሊን ጀመሩ፤ ውፍረት ካላቸው መካከል 342ቱ ሜትፎርሚን ተመደበላቸው። በምዝገባው ወቅት ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ የሰውነት ጉዳት ምልክት ታይቶባቸዋል። በሽታው ከመታወቁ አስቀድሞ ሥራውን ጀምሮ ነበር ማለት ነው።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1998 በባርሴሎና ጉባኤ ቀረበ። በአሥር ዓመት ክትትል የጠበቀ ቁጥጥር በተደረገላቸው ሕሙማን ሄሞግሎቢን ኤ1ሲ 7.0 በመቶ ሲሆን፣ በሌሎቹ 7.9 በመቶ ነበር። ይህች ከአንድ በመቶ ያነሰች ልዩነት እንደ ዓይንና ኩላሊት ባሉት አካላት ላይ የሚደርሰውን የጥቃቅን ደም ሥሮች ጉዳት በ25 በመቶ ቀነሰች። በድንገተኛ የልብ ሕመም ረገድ የታየው የ16 በመቶ ቅናሽ ግን በስታቲስቲክስ መመዘኛ የተረጋገጠ ለመባል በጥቂቱ ጎደለው። ሜትፎርሚን በተመደበላቸው ወፍራም ሕሙማን ዘንድ በማናቸውም ምክንያት የሚደርሰው ሞት በ36 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ተርነር በማግሥቱ ዓመት አረፉ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ጥናቱ ከተዘጋ በኋላ በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው የኤ1ሲ ልዩነት በአንድ ዓመት ውስጥ ጠፋ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2008 የአሥር ዓመት ተጨማሪ ክትትል ሲታተም፣ ቀድሞ በሚገባ የታከሙት አሁንም የተሻለ ጤና ነበራቸው፤ በልብ ሕመም ረገድ አጠራጣሪ የነበረው ጥቅምም ተረጋገጠ። ተመራማሪዎቹ ይህን “የውርስ ውጤት” አሉት። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው የ24 ዓመት ተከታይ ክትትልም ጥቅሙ እንዳልጠፋ አስረድቷል።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2008 በሰሜን አሜሪካ አኮርድ የተባለው ጥናት፣ በሽታው ለአሥር ዓመት ያህል የቆየባቸውንና ለልብ ሕመም የተጋለጡትን ሰዎች ኤ1ሲ ከ6 በመቶ በታች ለማውረድ ሲጥር፣ በዚያው ወገን ሞት ስለበዛ የጠበቀው ቁጥጥር ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ። ለጀማሪው ሕመምተኛ የሚበጀው ግብ በሽታው ለቆየበት ላይበጅ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ የተካሄደው ዳይሬክት የተባለ ጥናት ሌላ ተስፋ ፈነጠቀ። በሽታው ከታወቀ ከስድስት ዓመት ያልበለጣቸው፣ ውፍረት ያላቸውና ኢንሱሊን የማይወስዱ 306 ሰዎች ተሳትፈውበታል። በነርሶችና በሥነ ምግብ ባለሙያዎች እየታገዙ ክብደታቸውን እንዲቀንሱ ከተደረጉት ውስጥ 46 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው መለኪያ በታች ወረደ። በሁለተኛው ዓመት ግን ቁጥሩ ወደ 36 በመቶ ዝቅ ስላለ ክትትሉ ሊቋረጥ አይገባም። ውጤቱንም ከስተው ለሚመጡ ሕሙማን በቀጥታ መገልበጥ ተገቢ አይደለም።

በእንግሊዙ ጥናት የተፈተኑት ሜትፎርሚንና ከሰልፎኒልዩሪያዎቹ አንዱ የሆነው ግሊቤንክላማይድ ለእኛም አገር ባለሙያ እንግዳ አይደሉም። ስለዚህ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት በአዲስ መድኃኒት መምጣት ላይ የተመሠረተ አይደለም። በሽታው በታወቀበት ሳምንት የሚሰጠው ምክር፣ ሳይዘገይ የሚጀመረው መድኃኒትና የሚቆረጠው ቀጠሮ ከሃያ ዓመት በኋላ በሕመምተኛው ዓይን፣ ኩላሊትና ልብ ላይ ዋጋ ይኖራቸዋል። ሕመም ሳይሰማው ፊታችን የተቀመጠውን ሰው “ሲብስብዎት ይመለሱ” ብለን ብንሸኘው፣ መልሰን የማናገኘውን ዘመን አባከንበት ማለት ነው።