ከግልገሉ ጎን ማን አለ?

ድብን በጫካችን አናውቃትም። የምናውቃት በመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ እዚያም ልጆቿን የተነጠቀች ድብ የቁጣ ምሳሌ ሆና ትጠቀሳለች። በመካነ እንስሳት የተወለዱ የዋልታ ድብ ግልገሎችን ፎቶግራፎች በቅደም ተከተል ስመለከት ይህች እናት ትዝ ትለኛለች። ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እንደ ማንም ሰው ግልገሉ ላይ ነው። ቀጥዬ ግን ከጎኑ ማን እንዳለ እፈልጋለሁ።

ነጭ ድብ በሰው እጅ መኖር የጀመረው ካሜራ ከመፈጠሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። በ1252 ከኖርዌይ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለሄንሪ ሦስተኛ የተላከ ድብ በለንደን ግንብ ይኖር ነበር፤ በረጅም ገመድ ታስሮም ወደ ቴምዝ ወንዝ እየወረደ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ግልገል ተወልዶ ማደጉ ግን ሌላ ነገር ነው። በዱር ያለች እናት በረዶ ቆፍራ ጎሬ ትሠራለች፣ በጨለማና በጸጥታ ትወልዳለች፣ ጸደይ እስኪጠባ እህል ውኃ ሳትል ልጆቿን ታጠባለች። ግልገሉ ሲወለድ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ በታች ነው፤ ዓይኑም አልተገለጠም። ጫጫታ በሞላበት የብረት ጎጆ የወለደች ድብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጇን ትተወዋለች ወይም ትበላዋለች። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ለረጅም ዘመን የሚያነሳው ግልገል አልነበረውም።

ብረቱን ከፎቶው ያስወጣው ጀርመናዊው የእንስሳት ነጋዴ ካርል ሀገንቤክ ነው። በ1907 በሃምቡርግ አቅራቢያ፣ ስቴሊንገን ላይ በከፈተው መካነ እንስሳት ድቦቹን ከተመልካች የለየው በፍርግርግ ሳይሆን በጥልቅ ቦይ ነበር፤ ከኋላቸውም ሰው ሠራሽ ቋጥኝ አቆመ። ለንደንም ሐሳቡን ወስዳ በመካነ እንስሳቷ የማፒን እርከኖች የተባለ ተመሳሳይ ቋጥኝ ሠራች። ካሜራ የያዘ ሰው እንግዲህ በድቡና በሌንሱ መካከል አየር ብቻ አገኘ።

በፈረንጆቹ ኖቬምበር 27 ቀን 1949 በዚሁ የለንደን መካነ እንስሳት አይቪ የተባለችው ድብ ወለደች። ግልገሏ በሁለት ጠባቂዎች በብሩስና በሳም ስም ብሩማስ ተባለች፤ በብሪታኒያ ተወልዳ ለማደግ የበቃች የመጀመሪያዋ የዋልታ ድብ እርሷ ነበረች። ጋዜጦች ወንድ ነው ብለው ጻፉ፤ ሕዝቡም አመነ። በ1950 ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው መካነ እንስሳቱን ጎበኘ። ጦርነት ያደቀቃት፣ ምግብ ገና በራሽን የምታገኝ አገር ነበረችና ያን ደስታ አልፈርድበትም።

የዚያ ዘመን ፎቶ አንሺ ሥራ ቀላል አልነበረም። የብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚጎትተው፣ ነጭ እንስሳ በነጭ ቋጥኝ ላይ ሲቆም ፎቶው ይጠቁራል። ብርሃን ሲጨምሩ ደግሞ ጸጉሩ ይነጣና ዝርዝሩ ይጠፋል። ጸጉሩ ራሱ ነጭ አይደለም፤ ቀለም አልባና ውስጡ ክፍት ሲሆን ከሥሩ ያለው ቆዳ ጥቁር ነው። ፎቶ አንሺው የሚተርፈው በሦስት ጥቁር ነጥቦች ነው፤ በሁለት ዓይንና በአንድ አፍንጫ። በብሩማስ ፎቶግራፎች ግን ከእነዚህ ነጥቦች ይልቅ እኔን የሚይዘኝ ከኋላ ያለው ትልቅ አካል ነው። አይቪ አለች። ግልገሏ እግሯ ሥር ናት፤ ፎቶ አንሺው ከቦዩ ማዶ ነው።

ከዚያ በርሊን። ዲሴምበር 5 ቀን 2006 ቶስካ የተባለች ድብ ሁለት ወንድ ልጆች ወለደችና ተወቻቸው። አንዱ በአራተኛው ቀን ሞተ። የተረፈው ክኑት ሕይወቱን ያገኘው ከጠባቂው ከቶማስ ደርፍላይን ነው፤ አብሮት ተኛ፣ በጡጦ አጠባው፣ አጠበው። ማርች 23 ቀን 2007 ክኑት ለሕዝብ ሲወጣ 400 ያህል ጋዜጠኞች ይጠብቁት ነበር። በፎቶዎቹ ላይ እናት የለችም። በእናት ፈንታ ጺማም ሰውዬ አለ፤ ግልገሉ ጫማውን ይነክሳል፣ እጁ ላይ ይንጠለጠላል። ያን ቅርበት ያየ ሁሉ ለግልገሉ መሳሳቱ አይደንቅም።

ወዲያው ግን ያ ሰውም ከፎቶው ወጣ። አኒ ሌቦቪትዝ ክኑትን በርሊን፣ ተዋናዩን ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮን ደግሞ አይስላንድ ላይ አነሳች፤ ሁለቱ ምስሎች ተጣምረው የቫኒቲ ፌር መጽሔት የሜይ 2007 ሽፋን ሆኑ። ክኑት አይስላንድን ረግጦ አያውቅም። ዓላማው የአየር ንብረት ለውጥን ማሳየት ነበር፤ ዓላማው መልካም መሆኑን አልክድም። ቢሆንም በጡጦ ያደገ ግልገል ብቻውን በበረዶ ላይ መቆሙ ያሳዝነኛል፤ ያሳደገው እጅ ተቆርጦ ቀርቷል። ደርፍላይን በ2008፣ በ44 ዓመቱ አረፈ። ክኑት ማርች 19 ቀን 2011 በመቶዎች የሚቆጠሩ ጎብኚዎች ፊት ተንዘፍዝፎ ውኃ ውስጥ ወደቀ፤ ያም ተቀረጸ። የገደለው የአንጎል ብግነት መሆኑ ታወቀ፤ በ2015 ተመራማሪዎች የብግነቱ መነሻ የሰውነቱ መከላከያ በራሱ አንጎል ላይ መነሳቱ እንደነበር አሳወቁ።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ብዙም አልተወራለትም፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የምወደው እርሱን ነው። ዲሴምበር 9 ቀን 2013 በሙኒክ ሄላብሩን መካነ እንስሳት ጆቫና መንታ ወለደች። ጎሬው ውስጥ በጨለማ የምታይ የኢንፍራሬድ ካሜራ ነበረች። ሰው አልገባም፤ ፍላሽ አልበራም። ምስሉ ግራጫና ሻካራ ነው፤ በውድድር ቢቀርብ የሚመርጠው ዳኛ ያለ አይመስለኝም። ጆቫና ጎኗን እንደ ግድግዳ ጥምዝ አድርጋ ተኝታለች፤ ሁለቱ ግልገሎች፣ ኔላና ኖቢ፣ ጸጉሯ ውስጥ ይርመሰመሳሉ። ዓይናቸውን ሲገልጡ በዙሪያቸው ያለው እርሷ ብቻ ናት።

ግልገሎች ከጎሬ ሲወጡ የፎቶ አንሺው ተራ ይደርሳል። የዛሬው መሣሪያ ደግ ነው፤ መስተዋት ካለ ሌንሱን ማስጠጋትና ጥቁር ልብስ መልበስ ነጸብራቁን ይቀንሳል፣ ደመናማ ቀን ከጠራራ ፀሐይ ይሻላል፣ ብርሃኑንም መለኪያው ካለው ትንሽ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ረጅሙ ሌንስ ፊቱን ብቻ ቆርጦ እንዲያወጣ እጅ ያሳክካል። እኔ ብጠየቅ ግን ሌንሱን መለስ አድርጉት እላለሁ፤ የግልገሉ ፊት ትንሽ ይነስ፣ የእናቲቱ ሰፊ መዳፍ ከጎኑ ይግባ።