ግማሽ አማርኛ፣ ግማሽ እንግሊዝኛ

አዊ ዞን፣ ጥርባ፣ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ነው። የአጎቴ ልጅ ኡቡንቱ የተባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት በአማርኛ ከፍታዋለች። አንዱ መስመር «አስቀምጥ» ይላል፣ ከሥሩ ያለው እንግሊዝኛ ነው። «ጋሼ፣ የተረጎሙት ሰዎች መሐል ላይ ደከማቸው እንዴ?» አለችኝ።

ነገሩ የድካም ብቻ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በ2002 ደግሞ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ሰዎች ግኖም የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ወደ አማርኛ ይመልሱ ነበር። ትልቅ ሥራ ነው። ግን ሶፍትዌር እንደ መጽሐፍ አንዴ ታትሞ አያበቃም። ግኖም በየስድስት ወሩ፣ ማርችና ሴፕቴምበር ላይ፣ አዲስ እትም ያወጣል። በ2004 የተጀመረው ኡቡንቱም ኤፕሪልንና ኦክቶበርን ያዘ።

በየእትሙ አዳዲስ ቃላት ይጨመራሉ፣ የነበሩትም ይለወጣሉ። እንግሊዝኛው ትንሽ ከተነካ የቀድሞው አማርኛ «አጠራጣሪ» ተብሎ ይታለፍና እንግሊዝኛው ብቻ ይታያል። ስለዚህ ማንም ሳያጠፋው ትርጉሙ ይሸረሸራል።

ደግነቱ፣ እትሙ ከመውጣቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ፕሮግራመሮቹ ቃላቱን መነካካት ያቆማሉ። የተርጓሚው ወቅት ያኔ ነው። ለሴፕቴምበሩ የግኖም እትም ይህ ጊዜ ኦገስት ላይ፣ በእኛ ነሐሴ ውስጥ ይውላል። ተማሪውም መምህሩም ዕረፍት ላይ ናቸው። ከዚህ የተመቸ ጊዜ ከየት ይመጣል?

እኛ ግን ትርጉምን እንደ ዘመቻ ይዘነዋል። እንሰበሰባለን፣ እንፎክራለን፣ እንበተናለን። እኔ ራሴ አንድ ክረምት ሙሉ ስለ አንድ ቃል ስከራከር ቆይቼ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ ሥራዬን ብልክ እትሙ ወጥቶ አገኘሁት። ግኖም በእትም ማስታወሻው አንድን ቋንቋ ይደገፋል ብሎ ይቆጥር የነበረው ከቃላቱ 80 በመቶው ሲተረጎም ነው። ጥሩ ቃል መፈለጉ ተገቢ ነው፤ ቀኑ ካለፈ ግን ለዚያ እትም ምንም አይረባም።

አጎቴ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ «የዘር ቀኑ ቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ ታዲያ ምን ቸገራችሁ?» አለኝ። እሱ ገብሱን የሚዘራው ሲመቸው ሳይሆን ወቅቱ ሲደርስ ነው።

መልስ አጣሁ። ልጅቷ ግን እስከዚያ አልጠበቀችም፤ ኮምፒውተሯን ወደ እንግሊዝኛ መልሳዋለች። «ይሄኛው አይደናገርም» አለች። ለነሐሴ እኔና እሷ አብረን ልንቀመጥ ተቀጣጥረናል። እናንተስ?