ቅርጽ፣ ቀረጻ፣ ራጅ

«ቅርጽ» በሚለው ቃል ውስጥ ስለት አለ። የግዕዙ «ቀረጸ» መፋቅ፣ መብጣት፣ እንጨትን ወይም ድንጋይን እየፈለፈሉ ማበጀት ነው፤ ቅርጽ ደግሞ ስለቱ ሥራውን ሲጨርስ የሚወጣው መልክ ነው። ዘሩ ሰፊ ነው። የቀራፂው ቅርጻ ቅርጽም የተማሪው እርሳስ መቅረጫም ከዚሁ የወጡ ናቸው። በዕብራይስጥ ወንድሙ የሆነው ግሥ በመጽሐፈ ኢዮብ ውስጥ ይገኛል፤ ኤሊሁ ከጭቃ ተቆንጥሮ መበጀቱን የሚናገረው በዚያ ግሥ ነው።

ድምፅን የሚይዝ መሣሪያ ሲመጣ አማርኛ ይህንኑ ግሥ ሰጠው፤ መቅረጸ ድምፅ፣ የዘፈን ቀረጻ፣ የፊልም ቀረጻ አለ። ስያሜው ልክ ነበር። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ለንግሥት ቪክቶሪያ ቃላቸውን የላኩበት ፎኖግራፍ በእርግጥም ይቀርጽ ነበር። ድምፁ መርፌውን ያንቀጠቅጣል፣ መርፌውም በሚሽከረከረው ጥቅል ላይ የሞገዱን መነሣትና መውደቅ እየቦረቦረ ይሄዳል። የሞገዱ መነሣትና መውደቅ በቅደም ተከተሉ ስለተቀረጸ መርፌው በዚያው ቦይ ሲመለስ ድምፁ አብሮ ይመለሳል።

«ራጅ» የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 በጀርመን ቩርትስቡርግ ከተማ ያገኘውን ጨረር፣ ምንነቱ ስላልታወቀ፣ ኤክስ አለው። ጣሊያኖች «ራጂ ኤክስ» ሲሉት አማርኛ ኤክሱን ትቶ «ራጅ»ን አስቀረ። የጣሊያንኛው ቃል አባት የላቲኑ «ራዲዩስ» ነው፤ ትርጉሙ በትር፣ የመንኮራኩር ዘንግ፣ ኋላም ጨረር። ስለዚህ ራጅ፣ ራዲዮና ራዳር የአንድ አያት ልጆች ናቸው።

ሁለቱ የቃል ዘሮች የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ1912 ሙኒክ ውስጥ ነው። የፊዚክስ ሊቁን የማክስ ፎን ላወን ሐሳብ ይዘው ባልደረቦቹ ፍሪድሪሽና ክኒፒንግ ራጅን በክሪስታል ላይ ለቀቁ። ጨረሩ ከአቶሞቹ ተበትኖ ከኋላ በቆመው የፎቶ ሰሌዳ ላይ በሥርዓት የተደረደሩ ነጠብጣቦች ቀረጸ። በዓይን የማይታየው የአቶሞች አደራደር በእነዚያ ነጠብጣቦች ውስጥ አሻራውን ተወ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከባዱ ነበር፤ ከቀረጻው ወደ ቅርጹ እንዴት መመለስ ይቻላል?

ፎኖግራፉ የያዘውን ሰሌዳው አልያዘም። ራጅ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከቢሊዮን ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይርገበገባል፤ ይህን የሚከተል ፊልም የለም። ስለዚህ ሰሌዳው የሞገዱን ብርታት ብቻ በነጠብጣቡ ጥቁረት ይመዘግባል። እያንዳንዱ ሞገድ ከሌላው ቀድሞ ይሁን ዘግይቶ የመድረሱ ነገር ይጠፋል። ሊቃውንቱ ይህን «ፌዝ» ይሉታል። ቃሉ «ፋሲስ» ከሚለው ግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መታየት፣ መገለጥ ነው፤ ለጨረቃ መልኮችም ያገለግላል። መገለጥ የተባለው ነገር ግን በሰሌዳው ላይ ጨርሶ አይገለጥም። ያለ እርሱ ደግሞ ከአንድ ቀረጻ ብዙ ቅርጾች ሊወጡ ይችላሉ።

ማክስ ፐሩትስ እ.ኤ.አ. በ1953 በካምብሪጅ ለሂሞግሎቢን ከዚህ ችግር መውጫ አገኘ። በሞለኪዩሉ ላይ ከባዱን የሜርኩሪ አቶም አጣበቀ። ክሪስታሉን ሜርኩሪው ሳይኖርና ሲኖር አንሥቶ የነጠብጣቦቹን ብርታት አስተያየ፤ የጠፋውን ፌዝ ከልዩነታቸው መገመት ተቻለ። መንገዱ ግን ረጅም ነበር። ዶሮቲ ሆጅኪን የኢንሱሊንን የመጀመሪያ የራጅ ፎቶ ያነሣችው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ቅርጹ የተፈታው ግን በ1969 ነው። በመካከሉ የፔኒሲሊንንና የቫይታሚን ቢ12ን ቅርጽ ፈትታ በ1964 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልማለች። በኢንሱሊን ቀረጻና በኢንሱሊን ቅርጽ መካከል ከሠላሳ ዓመት በላይ ድካም አለ።

ይህን ሳይንስ በአማርኛ ለምናስተምርና ለምንጽፍ ሰዎች የሚያስፈልጉን ቃላት በእጃችን ናቸው። መሣሪያው የያዘው ቀረጻ ነው፤ በስሌትና በማመሳከር የሚወጣው ቅርጽ ነው። የቃል ዘራቸው አንድ መሆኑ ሁለተኛው በመጀመሪያው ውስጥ እንዳለ ያስረዳል፤ ሁለት ቃል መሆናቸው ደግሞ አንዱን ለሌላው እንዳንወስድ ይጠብቀናል። «ፌዝ»ን እንዳለ እንዋሰው፤ ቅርጽንና ቀረጻን ግን በባዕድ ቃል የምንተካበት ምክንያት የለም።