ሸኝቶ የሚቀር ቤት

ስሙኝማ! የባንጃ ሰዎች፣ የዳንግላ ሰዎች፣ ከፋግታ ለኮማ ደጋ እስከ ጓንጓ ቆላ ያላችሁ የአዊ ሰዎች ሁሉ፣ ጆሯችሁን አውሱኝ። ስለ ዘማች ብዙ ተተርኳል፤ አገር ሁሉ ፎክሮለታል። የዛሬውን ትረካዬን እኔ የሰጠሁት ሸኝቶ ለሚቀረው ነው። ልጁን መናኸሪያ አድርሶ፣ አውቶቡሱ ከዓይኑ እስኪሰወር ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በእግሩ ወደ ቤቱ ለሚመለሰው አባት፤ ሬዲዮ ስለ ጦር ባወራ ቁጥር እጇ ከሊጡ ላይ ለሚቆም እናት።

ድሮ መሸኘት እንዲህ አልነበረም። በ1888 ዓ.ም. ለዓድዋ ሲከተት ከአገው ምድር የተነሣው ፈረሰኛ፣ ፈረሱ ያደገው በገዛ ግጦሹ ላይ ነው። ኮርቻውን አባቱ አሠርቶለታል፤ በሶውን እናቱ ፈጭታለታለች። ግልቢያ የተማረው ከአባቱ ሥር ሆኖ ነው፤ ጉግስ ሲጫወት ወድቆ የተነሣውም በመንደሩ ሜዳ ነው። ሲዘምትም ዘመድ አብሮት ይዘምታል። አባት ከልጁ ጎን ይጋልባል፤ ሴቶች ስንቅ ይዘው ከጦሩ ኋላ ይጓዛሉ። ማሠልጠኛውም ቤቱ፣ አሠልጣኙም ወላጁ ነበር። ፈረስ በዓድዋ የዋለውን ውለታ ለመዘከር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ በየዓመቱ ጥር 23 በጊዮርጊስ ዕለት ፈረሱን ሸልሞ ኢንጅባራ ላይ ይወጣል። ይህን ማኅበር ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ወላጅ የማያልፈው በር መጣ። በ1927 ዓ.ም. በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ሆለታ ገነት ላይ የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ለአገራችን ወላጅ ይህ አዲስ ነገር ነበር። ልጅህን አምጣ፣ አንተ ግን ከበሩ ተመለስ ተባለ። ትምህርቱ ሳይጠና የጣሊያን ጦርነት ደረሰ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. እነዚያ ለጋ እጩ መኮንኖች ወደ አዲስ አበባ የሚገሠግሠውን ጠላት እንዲያዘገዩ ወደ ጣርማ በር ተላኩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላም ከሆለታዎቹ ብዙዎቹ፣ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ሊቀ መንበሩ በሆኑበት በጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ ገብተው ታገሉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በወረደው እልቂት የማኅበሩ አባላት ኮሎኔል ክፍሌ ናሲቡና በላይ ኃይለአብ ከተገደሉት መካከል ነበሩ። የመኮንኖቹን ስም ታሪክ መዝግቦታል፤ የስዊድኑን አስተማሪ ስም መዝግቦታል። ልጄ የት ወደቀ እያለች ስትጠይቅ የኖረችውን እናት ስም ግን ፈልጌ አላገኘሁትም።

በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ሐረር ላይ ሌላ በር ተከፈተ። የሐረር ጦር አካዳሚ አሠልጣኞች የሕንድ ጦር መኮንኖች ነበሩ፤ ትምህርቱ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ለዳንግላ አባት ሐረር ምን ያህል ሩቅ እንደ ነበር እስኪ አብረን እንጓዝ። በኮሶበር አድርጎ ቡሬ፣ ከቡሬ ደብረ ማርቆስ። ከደጀን ቁልቁል የአባይ በረሃ፤ ከጎሐ ጽዮን ወዲያ አዲስ አበባ። ለገሃር ላይ ባቡር። አዋሽን ተሻግሮ ድሬዳዋ። ከድሬዳዋ ደንገጎን ሽቅብ። ልጁን እስከ ለገሃር የሸኘ አባት ብዙ ሸኘ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር አያውቀውም፤ ልጁ የት አድሮ ምን ሲበላ እንደሚውል እንኳ በሐሳቡ ሊስለው አይችልም።

ልጁንስ እዚያ ምን ይገጥመዋል? የጦር ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ሳምንታት በሐረርም ይሁን በሆለታ፣ በሌላውም ዓለም ይመሳሰላሉ። ፀጉሩ ይላጫል። ከቤት የለበሰው ልብስ ይታጠፍና ይቀመጣል። ጎህ ሳይቀድ በፊሽካ ይነሣል። ብርድ ልብሱ ከተጨማደደ ይቀጣል፤ ከስክስ ጫማው ካላብለጨለጨ ይቀጣል፤ ቀኝ ኋላ ዙር ሲባል በግራው የዞረ እንደሆነ ጓደኞቹ ሁሉ አብረውት ይቀጣሉ። ሲበላ ይጣደፋል፣ ሲታጠብ ይጣደፋል፣ እንቅልፉን እንኳ በጥድፊያ ይተኛል። ይህ ሁሉ ምክንያት አለው፤ ደክሞትም ፈርቶም ትእዛዝ እንዲሰማ፣ የራሱን ጥፋት የጓደኛው ቅጣት አድርጎ እንዲያይ ነው። አሠልጣኙ ምክንያቱን ያውቃል። ልጁ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያውቀው ጉልበቱ እንደከዳውና ማንም በቤት ስሙ እንደማይጠራው ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚያስበው ስለ ማዕረግ አይደለም። "ካቃተኝ ምን ይሉኛል?" እያለ ያስባል።

እዚህ ላይ እንቁም፤ የወላጅ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነውና። እኛ ልጅ ስንሸኝ የምንለውን ታውቁታላችሁ። "በርታ፣ ጠንክር፣ እንዳታሳፍረን!" የምንለው በፍቅር ነው፤ አንጀታችን እየተላወሰ ነው። ይህች የመጨረሻዋ ቃል ግን ልጁ ጆሮ ውስጥ ትቀራለች። እግሩ የታመመው ሠልጣኝ ወደ ሐኪም ከሄደ ከሥልጠናው ሊቀነስ ይችላል፤ ከተቀነሰ ሊመለስ ነው፤ ከተመለሰ አባቱ በሠፈር ሰው ፊት አንገቱን ሊደፋ ነው። ስለዚህ ሕመሙን ይደብቃል። የእግር አጥንት ስንጥቅ በምልምሎች ላይ በዓለም ሁሉ የታወቀ ጉዳት ነው፤ በጊዜ ያረፈበት ይድናል፣ ደብቆ የሮጠበት አጥንቱ ሊሰበር ይችላል። እኔ ይህችን "እንዳታሳፍረን" ከሽኝት ቃላችን ውስጥ ብትወጣ ደስ ይለኛል። በእሷ ምትክ "በርታ፤ ከጨረስክ ደስታችን ነው፣ ካልሆነም ቤትህ ቤትህ ነው" ይባል። ቤቱ በሁለቱም መንገድ ክፍት መሆኑን ያወቀ ልጅ ለመሸሽ አይቸኩልም። እንዲያውም ይጸናል።

ወደ ሐረሩ ዘመን ልመልሳችሁ። መገናኛው ደብዳቤ ነበር። እናት ማንበብ አትችልም፤ የሚያነብላት የጎረቤት ተማሪ ወይም ደብተራ ነው፤ መልሱንም የሚጽፍላት እሱ ነው። በሰው እጅ ስለሚጻፍላት የልቧን ሁሉ አትናገርም። ደብዳቤው "እኛ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን" ብሎ ይጀምርና ላሟ ወለደች፣ ገብሱ ደረሰ፣ የእገሌ ልጅ ተዳረች እያለ ይሄዳል። ይህን ተራ ወሬ ነው የሚል ይኖራል። ለሠልጣኝ ግን ከዚህ የሚበልጥ ስንቅ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ በማያውቀው ሰው ጩኸት ሲሮጥ ለዋለ ልጅ፣ የላሟ መውለድ የሚያውቀው ዓለም ዛሬም በቦታው እንዳለ ይነግረዋል። ማኅበሩ ተጠጣ፣ ድንቹ ተቆፈረ፣ ፈረሱ ወደ ሜዳ ወጣ።

አንድ ከባድ ነገር ግን አለ፤ መርዶ። በእኛ ባህል መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም፤ በሩቅ ላለ ልጅም ይደበቃል። አያቱ ቢሞቱ "አያትህ ሰላም ይሉሃል" ተብሎ ይጻፍለታል። እንዳይሰበር ነው፤ ገብቶኛል። ነገር ግን ልጁ ተመርቆ፣ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ቤተሰቡን ለማስደሰት ሲገባ የሚጠብቀው ለቅሶ ይሆናል። በዚያች ቀን ያለፉት ደብዳቤዎች ሁሉ ውሸት ይሆኑበታል። እኔ የምለው፣ ሞት ከመጣ አይደበቅ፤ ለአለቃው ወይም ለሚያምነው ጓደኛው ይነገርና፣ ሽማግሌ ቤት ድረስ ሄዶ እንደሚያረዳው ሁሉ፣ አጠገቡ ሰው ቁጭ ብሎ ይንገረው።

ቀጥሎ የመጣውን ዘመን ቶሎ ልለፈው፤ ሽኝት የሌለበት ዘመን ነውና። በደርግ ጊዜ፣ በ1975 ዓ.ም.፣ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ዜጋ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ይላል። አፈሳን ያየ ወላጅ የቀረውን ያውቀዋል፤ ልጅ ገበያ ሄዶ ይቀራል፣ ስንቅም ምርቃትም አይደርሰውም።

የብላቴውን ነገር ግን አልዘለውም። በ1983 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተቋርጦ ተማሪዎች በደቡብ ወደሚገኘው የብላቴ ማሠልጠኛ ተላኩ። እስክሪብቶ ይዞ የሄደ ልጅ ጠመንጃ ያዘ። በዚያው ዓመት በየካቲት ጎጃም ከደርግ ወጥቶ በኢሕአዴግ እጅ ገባ። አስቡት፤ አንድ የኢንጅባራ አባት ልጁን ለዩኒቨርሲቲ ሸኝቷል። አሁን ልጁ ብላቴ ይሠለጥናል፤ አባትየው የሚኖረው ልጁ ሊወጋው በሚሠለጥነው ኃይል ክልል ውስጥ ነው። ግንባሩ በአባትና በልጅ መካከል አለፈ። ፖስታ አይሄድም፤ መኪና አይሻገርም። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለማርያም ከአገር ሲወጡ የብላቴ ተማሪዎች ተበተኑ፤ ብዙዎቹ ደቡቡን ይዘው ኬንያ ገቡ፣ ከዚያም በስደት ወደ ሩቅ አገር የቀሩ አሉ። ጦርነቱ አበቃ ሲባል የእነዚህ ወላጆች መጠበቅ ገና ጀመረ። ስለዚያ ዓመት ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ ስለ እነሱ የተጻፈው ትንሽ ነው።

ዛሬስ? ዛሬ የአዊ ልጅ ጦላይ፣ ሁርሶ፣ ብላቴ ወይም እዚሁ ጎጃም ብር ሸለቆ ሊሠለጥን ይችላል፤ ውጤት ያለው ደግሞ ቢሾፍቱ የመከላከያ ምህንድስና ኮሌጅን ይመኛል። ሴት ልጅም ትሄዳለች። ወላጅ የዲከረንስ ዛፉን ለከሰል ሸጦ መሳፈሪያ ይሰጣል፤ እናት ዳቦ ቆሎና በሶ ትቋጥራለች። ሠልጣኝ ስልኩን እንደ ልቡ አይዝም። ስለዚህ እናት የማታውቀው ቁጥር ሲደውል አንዱንም አታሳልፍም፤ ስልኳን ቻርጅ ለማድረግ መብራት ወዳለበት ቤት ትሄዳለች። ልጁ ሲደውል ጥቂት ደቂቃ ነው። እነዚያን ደቂቃዎች በለቅሶ አትጨርሷቸው። እህሉን ንገሩት፣ ታናሽ እህቱ ትጠይቀው፣ "ናፍቀኸናል" በሉት፤ ለቅሶውን ስልኩ ሲዘጋ ታደርሱታላችሁ።

ሌላም አለ፤ ሳልናገረው ባልፍ ትረካዬ ጎዶሎ ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልላችን በመንግሥት ጦርና በታጣቂዎች መካከል ግጭት አለ። ልጁን ለውትድርና የሸኘ ቤት ዛሬ በጎረቤት ፊት ስሙን ለማንሣት ይፈራል። ልጁ በሌላው ወገን ያለበትም ይፈራል። ሁለቱም ቤት ሌሊት አይተኛም። በናፍቆት ላይ ዝምታ ሲጨመር ሰው ይጎዳል።

በሰፊው ዓለም ይህን ጉዳይ እንዴት ያዙት? በእንግሊዝ ሳንድኸርስት የጦር አካዳሚ የሚገባ እጩ መኮንን የራሱን የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ ወላጆቹ እቃውን እያገዙ እስከ ማደሪያው ያደርሱታል። በአሜሪካ አናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ የመጀመሪያው የክረምት ሥልጠና ሰባት ሳምንት ገደማ ነው፤ ለቤት የሚደወለው ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ወላጆች ደብዳቤ ይጽፋሉ። በየግዛቱም የወላጆች ማኅበር አላቸው። ልጁ ሁለተኛ ዓመት የደረሰለት አባት፣ ትናንት ለሸኘው አዲስ አባት ከልጁ የሚመጣው ስልክ የተስፋ መቁረጥ ሊሆን እንደሚችል፣ እንደሚያልፍም አስቀድሞ ይነግረዋል።

እኛስ ማኅበር ጠፍቶብን ነው? ለፈረስ ማኅበር አለን። ለቀብር ዕድር አለን፤ ሰንበቴ አለን፣ ጽዋ አለን። ሰው ሲሞትብን በአንድ ጊዜ ድንኳን የሚተክል ሕዝብ ነን። ልጁን ሸኝቶ በሕይወት ላለ ልጅ ለሚጨነቅ ቤት ግን ማንም ዳቦ ይዞ አይሄድም። ይህ ጉድለት ነው፤ ደግሞም ገንዘብ ሳይጠይቅ የሚታረም ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። በሚመጣው የሰንበቴ ወይም የዕድር ቀን፣ በቀበሌያችሁ ልጅ የሸኘ ቤት የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ ልጁ በየትኛው ወገን እንዳለ አትጠይቁ። ማንበብ ለማይችል ደብዳቤውን አንብቡለት፤ መልሱን ሲያስጽፍ የልቡን ሳታሳጥሩ ጻፉለት። ስልክ ለሌለው የእናንተን ቁጥር ስጡትና ልጁ ሲደውል ሮጣችሁ ጥሩለት። ልጃችሁ ሠልጥኖ የተመለሰላችሁ ደግሞ ሄዳችሁ ልጅ ከሸኙት ወላጆች አጠገብ ተቀመጡ፣ ያያችሁትን ንገሯቸው። ሳይጨርስ የተመለሰ ልጅ ካለም ቀድማችሁ ወደ ቤቱ ሂዱና "እንኳን ደህና መጣህ" በሉት።