እሹሩሩ በሲልቨር ስፕሪንግ

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ አራስ ያለበትን የሐበሻ ቤት ስታንኳኩ ብዙ ጊዜ በሩን የምትከፍትላችሁ አያት ናት። ልጇን ልታርስ ከአገር ቤት የመጣች። በሻንጣዋ በሶ፣ ሽሮና የገንፎ ዱቄት ይዛለች። ጉምሩክ የማይፈትሸው ስንቋ ግን እሹሩሩዋ ነው።

ይህ ልማድ እዚህ አገር ዕድሜው አጭር ነው። ከ1974 (እ.ኤ.አ.) አብዮት በኋላ ተሰደው ዋሽንግተን ዙሪያ የሰፈሩት እናታቸውን ማስመጣት ቀላል አልነበረም፤ ደርግ የመውጫ ቪዛ በቀላሉ አይሰጥም ነበር። ብዙዎች ያለ አራሽ ወለዱ። አያቶች እንደ ልብ መመላለስ የቻሉት ከ1991 ወዲህ ነው።

እሹሩሩ ማስተኛ ብቻ አይደለም። አያት ሕፃኑን አዝላ ስትወዛወዝ ዜማው እርምጃዋን ይከተላል፤ ቃሉ ይደጋገማል፣ አናባቢው ይለጠጣል፣ የእናትና የአባት ስም ይነሳል። ሕፃኑ ትርጉሙን ሳያውቅ የቋንቋውን ምት ይለምዳል። የቆሎ ተማሪስ ፊደልን በዜማ አይደል የጀመረው?

ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚሰሙ ሕፃናት በ6 እና በ8 ወር መካከል የባዕድ ቋንቋ ድምፆችን ለይተው ይሰማሉ፤ ከ10 እስከ 12 ወር ሲሆናቸው ግን ይህ ችሎታ ይዳከማል። ከተፈተኑት ድምፆች መካከል እንደ እኛ «ቀ» ያሉ ፈንጂ ድምፆች ነበሩ። «ጠ»ን ከ«ተ» የሚለይ ጆሮም መስማት ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ችግር አለ። የጎብኚ ቪዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቅደው 6 ወር ነው። አያት የምትሳፈረው የሕፃኑ ጆሮ ምርጫውን ሊጀምር ሲል ነው።

ስልክ ይተካታል እንዳንል፣ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በ2003 ያወጡት ጥናት አለ። የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት የቻይንኛ ድምፆችን ፊት ለፊት ከሚያጫውታቸው ሰው ተማሩ፤ ከቪዲዮ ግን አልተማሩም።

ስለዚህ አያት ከመሳፈሯ በፊት እሹሩሩውን የሚቀበላት ሰው ያስፈልጋል። እናት ማታ ከሥራ ስትመለስ፣ አባት ታክሲውን አቁሞ ሲገባ፣ ድምፁ ባያምርም ሕፃኑን አዝሎ ያዚም። ሕፃኑ እንደሆነ ዳኛ አይደለም።