ስንጥቁ ውስጥ የተገኘው ቀለም

ሰሞኑን ገለምሶ ብቅ ብዬ ነበር። ከአንድ የብየዳ ቤት ደጃፍ ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ የካሉብ ጋዝ ወሬ ተነሳ፤ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ የተመረቀው ማለቴ ነው። አንዱ «ጋኑንና ቧንቧውን ግን ማን ፈትሾት ይሆን?» ሲል ቀልድ መስሎን ሳቅን። ባለቤቱ ብቻ አልሳቀም። «እኔ ለበየድኩት እኔው ምስክር ከሆንኩ ምኑን ምስክር ሆነው!» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ወዳጆቼ፣ ይቺ ንግግር ከራሴ አልወጣ ብላ ይኸው ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ዕቃውን ሳይሰብሩና ሳይቆርጡ ውስጡን የመፈተሽ ሙያ «ኤንዲቲ» ይባላል። በራጅ፣ በድምፅ ሞገድ፣ በማግኔት፣ በቀለም ይሠራል። ፈታሽ የመቅጠሩ ነገር ግን ከመሣሪያዎቹ ይቀድማል፤ የመጣውም በእንፋሎት ዘመን ነው። ያኔ አውሮፓ ውስጥ ቦይለር ፈንድቶ ሰው ገደለ ማለት የተለመደ ወሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1865 ማንሃይም በምትባል የጀርመን ከተማ የአንድ ቢራ ፋብሪካ ቦይለር ፈነዳ። በማግስቱ ዓመት የአካባቢው ቦይለር ባለቤቶች ማኅበር መሥርተው የጋራ መርማሪ ቀጠሩ። ዛሬ «ቲዩቭ» የሚል ማኅተም የምናይባቸው ድርጅቶች የዘር ሐረጋቸው ወደዚያ ይሄዳል። ልብ በሉ፣ መርማሪው ደመወዙን የሚቀበለው ከማኅበሩ እንጂ ከሚመረምረው ፋብሪካ ጌታ አልነበረም።

ራጅ በ1895 ተገኘ፣ የድምፅ ሞገዱ መሣሪያ በ1940ዎቹ መጣ። መሣሪያው መጣ ማለት ግን ሰው አየ ማለት አይደለም።

መጋቢት 1980 (እ.ኤ.አ. ነው የምቆጥረው) ሰሜን ባሕር ላይ የነዳጅ ሠራተኞች የሚያድሩበት «አሌክሳንደር ኪላንድ» የሚባል ተንሳፋፊ መድረክ በአውሎ ነፋስ ተገለበጠ። ከ212 ሰው 123ቱ አለቁ። ሲመረመር መነሻው ምን ሆኖ ተገኘ? አንዲት 6 ሚሊ ሜትር ብየዳ! የተበየደችው የድምፅ መቀበያ መሣሪያ ማስቀመጫ ለመያዝ ስለነበር፣ እንደ ዋና ተሸካሚ ብየዳ አልተቆጠረችም፤ እንደ ዋናዎቹም አልተፈተሸች። ስንጥቁ ውስጥ ደግሞ ቀለም ተገኘ። እስቲ አስቡት፣ መድረኩ ገና ግንባታው ቦታ ላይ ቀለም ሲቀባ ስንጥቁ ነበረ ማለት ነው። ቀለም ቀቢው እላዩ ላይ ቀብቶበት ሄደ።

ሌላም አለ። በ2001 እንግሊዝ አገር ሀምበር ማጣሪያ ውስጥ አንድ የቧንቧ ክርን ፈነዳ። ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ የነበረው ውፍረት ተበልቶ 0.3 ደርሶ ነበር። ሰው ባይሞትም ፋብሪካው ተቃጠለ። ማጣሪያው መርማሪ አጥቶ አልነበረም። ያቺን ክርን ግን ለ20 ዓመት ማንም ለክቷት አያውቅም፤ ፈታሹ ዝርዝር ተሰጥቶት የተሰጠውን ዝርዝር ለካ፣ አለቀ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በሶቪየቶች እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ በ1967 ሥራ ጀምሮ በ1997 ተዘጋ። ካሉብ ላይ ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋዝ ያገኘው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በደርግ ዘመን ሶቪየቶች ቆፈሩ፤ ከዚያ ጉድጓዶቹ ተከድነው ለዓመታት ተቀመጡ። ስለዚህ የጋንና የቧንቧ ፍተሻ ልምዳችን በአብዛኛው ከነዳጅ ዴፖ፣ ከስኳር ፋብሪካ ቦይለርና ከአውሮፕላን ጥገና የተገኘ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ወጣት ረዳት ሆኜ አንድ የነዳጅ ጋን ግንባታ ላይ ሠርቼ ነበር። ስሙን አልጠራም። የብየዳው ራጅ ፊልም በካርቶን ታሽጎ መጣ። አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ ፊልሞቹን መብራቱ ላይ እየዘረጉ ሲያዩ ድንገት ዝም አሉ። ከዚያ ሦስት ፊልም አንዱን በአንዱ ላይ ደራርበው «ና ልጄ፣ ይህቺን ነጥብ እያት» አሉኝ። ሦስት የተለያየ ቁጥር፣ ሦስቱም ላይ ያው የአየር አረፋ፣ እዚያው ቦታ! አንዱ ብየዳ ሦስት ጊዜ ተነስቷል፤ ሁለቱ ጭራሽ አልተነሱም። ፈታሹን የቀጠረው ደግሞ ራሱ ገንቢው ነበር። ክፍያውም በፊልም ብዛት።

ከዚያ ወዲህ ፈታሽ ሲመረጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ይከፍለዋል የሚለውን ነው። ገንቢው ከሆነ ወረቀቱን አላነበውም፤ ባለቤቱ ይቅጠረው። ቀጥሎ ሰውየውን እጠይቃለሁ። የድርጅቱን የምስክር ወረቀት ሁሉም ፍሬም አድርጎ ይሰቅላል፤ ሜዳ የሚወርደው ልጅ ግን በአይ.ኤስ.ኦ 9712 በገለልተኛ አካል ተፈትኗል ወይስ አሠሪው ራሱ ነው «ብቁ ነው» ያለው? በጨረር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱን ማየት ግድ ነው፤ የጨረራ አዋጁ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የኢሪዲየም 192 ጉልበት በ74 ቀን በግማሽ ይቀንሳል። ያረጀ ምንጭ ይዞ ለመቆጠብ ብሎ ቶሎ ቶሎ የሚያነሳ ሰው ፊልሙ ደብዝዞ ስንጥቅ አያሳይም፣ ያልታየው ስንጥቅ ደግሞ «የለም» ተብሎ ይፈረማል። በመጨረሻ ከሥራው ጥቂቱን ሳይነገረው በሌላ ፈታሽ አስደግሜ አያለሁ። በዋጋ ብቻ ማወዳደር እዚህ ላይ አይሠራም። ርካሹ ለምን እንደረከሰ ሦስቱ ፊልሞች ነግረውኛል።

ይህን ሁሉ የማወራው ዝም ብዬ አይደለም። ከጅጅጋ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ከባድ መኪና ከሚያልፍባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ሐረር፣ ቁልቢ፣ ጭሮ ነው። ከካሉብ ጋዝ የጫነ ቦቴ በዚህ ቢመጣ ጠመዝማዛውን ወርዶ ጭሮ መሃል ከተማ፣ ከጫት ተራውና ከባጃጁ መሃል ነው የሚገባው። የጋኑን ብየዳ ማን እንዳየው፣ ማንስ እንደከፈለው፣ ለዚያ ሕዝብ ማንም ነግሮት አያውቅም። የገለምሶው በያጅ ስመለስ ደግሞ ይጠይቀኛል፤ ምን ብዬ እንደምመልስለት እያሰብኩ ነው።